የዱቤ ደብተሩ ወደ ስልክ ሲገባ፦ ከድሬ ሱቆች የሙከራ ማስታወሻ

ግንቦት 4፣ 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ለሰፈር ሱቅ የሚሆን የዱቤ አፕ ሠርቻለሁ። ማን ስንት ወሰደ፣ ስንት ከፈለ፣ ስንት ቀረበት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ኢንተርኔትም አይፈልግም። ስድስት ወር ማታ ማታ የለፋሁበት ነው። እኔ ስነካካው እንከን የለውም። ችግሩ እኔ ባለሱቅ አይደለሁም።

ዛሬ ለእህቴና ለባሏ አሳየኋቸው። «አሪፍ ነው» አሉ። ሻይ ቀረበ፣ ሳንቡሳ ቀረበ፣ በድጋሚ «አሪፍ ነው» ተባለ። ይሄ ሙከራ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ለማያውቁኝ ባለሱቆች እሰጥና አፌን ዘግቼ አያለሁ።

ስንት ሰው ይበቃል? አፕን ለተጠቃሚ ሰጥተው የሚፈትሹ ሰዎች 5 የምትለዋን ቁጥር ይወዷታል። መነሻዋ ያኮብ ኒልሰንና ቶም ላንዳወር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጡት ስሌት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ካሉት ችግሮች በአማካይ 31 ከመቶውን ያሳይሃል። ሁለተኛው የፊተኛውን እየደገመ ትንሽ አዲስ ይጨምራል፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አምስተኛው ላይ ስትደርስ 85 ከመቶ ገደማው ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ያንኑ ደግመህ መስማት ነው። ታዲያ ይሄ የሚሠራው አምስቱም አንድ ዓይነት ተጠቃሚ ሲሆኑ ነው። ድሬ ላይ አንድ መንገድ ውስጥ አንዱ በአማርኛ፣ ጎረቤቱ በኦሮምኛ፣ ከማዶ ያለችው በሶማልኛ ሒሳብ ትይዛለች። ለጊዜው በአማርኛ የሚጽፉ አምስት ሱቆች እይዛለሁ። ለሌሎቹ ሌላ አምስት አምስት ያስፈልጋል።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከዚራ ደረስኩ። በግንቦት፣ በ7 ሰዓት! ዛፎቹ ሥር ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ግማሹ ሱቅ ተዘግቷል፣ ክፍት የሆነውም ጋ ባለቤቱ ጋደም ብሏል። እዚሁ ተወልጄ አድጌ፣ ወረቀት ላይ ፕሮግራም ሳወጣ ግን ድሬ ቀትር ላይ እንደምትተኛ ረሳሁት። ከእንግዲህ ወይ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ።

አንድ ነገር ግን አተረፍኩ። መንገድ ላይ ቆሜ አፑን ስከፍተው ምንም አይታይም። ነጭ ላይ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጽሑፍ ነበር የመረጥኩት፣ ቤት ውስጥ ያምራል። ፀሐይ ሲያርፍበት ባዶ ወረቀት ነው። ማታ ጽሑፉን በሙሉ ጥቁር አደረግኩት።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ። አንደኛ ሱቅ፣ ሳቢያን

ባለሱቋ አርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። «አንድ ነገር ልፈትን ፈልጌ ነበር» ስላት ፊቷ ተለወጠ። «እኔን ነው የምትፈትነው? እኔ እኮ ስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።» ፈተና የሚባለው ቃል ትምህርት ቤት ነው የሚያስታውሰው። «አንቺን ሳይሆን ስልኩን ነው። የማይገባ ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያላንቺ አላገኘውም» አልኳት። ተዝናናች። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሁሉም መጀመሪያ ላይ እላታለሁ።

ሁለተኛው እንቅፋት «እያሰብሽ ጮክ ብለሽ ተናገሪ» የሚለው ነበር። ዘዴው የቆየ ነው፣ ክሌይተን ሉዊስ የሚባል ሰው የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ ሆኖ በ1982 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ አስተዋውቆታል። ሰውየው ሲነካ ምን እየጠበቀ እንደነበር የምታውቀው በዚህ ነው። ግን በአማርኛ ለብቻህ አውራ ማለት ልክ አይመጣም። «ለልጅሽ እያሳየሽው እንደሆነ አድርገሽ ንገሪኝ» ስላት ወዲያው ገባት። ከዚያማ ማን ያስቆማት።

ሥራ ሰጠኋት። አንድ፣ የታችኛው ቤት ልጅ ስኳርና ዘይት በዱቤ ወስዷል፣ 340 ብር፣ መዝግቢ። ሁለት፣ 200 ከፈለ። ሦስት፣ የቀረውን ጨረሰ።

የመጀመሪያውን በ41 ሰከንድ ሠራች። ደብተሯ ላይ ግን ሰባት ሰከንድ አልፈጀባትም፣ ሰዓት ይዣለሁ። ሁለተኛው በመጠኑ ሄደ። ሦስተኛው ላይ ያየሁትን አልረሳውም። አውራ ጣቷን ወደ ታች አወረደች፣ «ሰርዝ» የሚለውን ነካች። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት። «እርግጠኛ ነኛ፣ ከፍሏል!» አለችና አዎ አለችው። ልጁ ከነስሙ፣ ከነሒሳቡ ጠፋ።

ዝም ብላ ስልኩን አየችው። ገለበጠችው። ከዚያ እኔን።

«አቦ፣ ከፈለ እንጂ አልሞተም!»

ልናገር ፈልጌ ከንፈሬን ነከስኩ። ሕጉ አትርዳ ነው። ሲያልቅ ደብተሯን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ረጅም ቀጭን ደብተር ነው፣ ጥጉ በዘይት ራስ ብሎ ወረቀቱ ብርሃን ያስተላልፋል፣ እስክሪብቶው በክር ታስሯል። ለየደንበኛው አንድ ገጽ አለው። ስሞቹን ተመልከቱ፦ «ቀዩ ባጃጅ»፣ «የመምህሯ ልጅ»፣ «ሀሰን ጋራዥ»፣ «ፎቅ 2 አዲሷ»። የተከፈለው ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ተሰምሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከፍለዋል። ሰርዤዋለሁ።»

ስድስት ወር ይህችን ቃል ስጽፋት ኖሬ አንድም ቀን የሱቅ ደብተር ከፍቼ አላየሁም። እሷ ስትሰርዝ የተሰረዘው አይጠፋም። ከመስመሩ ሥር ይነበባል። ያውም ዋናው ጥቅሙ እሱ ነው፣ «ባለፈው ከፍያለሁ» የሚል ክርክር ሲነሳ ገልጣ ታሳያለች። እኔ ስሰርዝ ግን ዶግ አመድ አደርገዋለሁ። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄም አላዳናትም፣ ምክንያቱም እርግጠኛ ነበረች።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ። ሁለተኛ ሱቅ፣ መጋላ

የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ። አሸዋው ደርቆ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ባለሱቁ ሽማግሌ ናቸው። ናቸው ስል ለእናንተ ነው፣ ፊት ለፊት «አንተ» ነው ያልኩት፣ ድሬ ነን። እዚህ ብዙ ቤት ውስጥ አያትህንም አንተ ነው የምትለው፣ አንቱታ ካበዛህ እንግዳ ነህ ወይም የሆነ ነገር ልትጠይቅ ነው። አፑ ግን በየገጹ «እባክዎ መጠኑን ያስገቡ» ይላል። ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ከማን ጋር ነው የሚያወራው?»

«ካንተ ጋር።»

«ወላሂ እኔስ ባንክ መስሎኝ።»

ሳቅን። ግን ሌላ ምን ልጻፍ? «አስገባ» ካልኩ የሳቢያኗን ሴት ወንድ አደረግኳት። «አስገቢ» ካልኩ ሽማግሌውን ሴት። «ያስገቡ» ከጾታ ያመልጣል ግን ባንክ ይሆናል። ይሄን ሙሉ ቀን ሳሰላስለው ዋልኩ።

ሽማግሌውም ሥራ ሦስት ላይ ሰርዝን ነኩ። ያለማመንታት። ሁለት ከሁለት።

ያላዘጋጀሁት ጥያቄ ደግሞ ከእሳቸው መጣ። «ይሄ ስልክ ቢጠፋስ?» የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሱቃቸው ገብቶ ደብተሩን ወስዶባቸዋል። «ሰው አልቆ ስለ ደብተር አይወራም፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ግማሹ ደንበኛ በራሱ መጥቶ ያለበትን ነገረኝ። ግማሹም አልመጣ፣ እኔም አልጠየቅኩ።» ትንሽ ዝም ብለው ስልኩን መለሱልኝ። እኔ ስለ ቁልፍ ቀለም ስጨነቅ እሳቸው የጠየቁኝ ይሄን ነው። ስልኩ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ ውሃ ቢገባው ምን ይተርፋል? ምንም። ቅጂው ማታ ማታ በራሱ ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲቀመጥ፣ ወደ ልጅ ስልክም መላክ እንዲቻል ማስታወሻዬ ራስ ላይ ጻፍኩት።

ግንቦት 11፣ ሰኞ። ሦስተኛ ሱቅ፣ ገንደ ቆሬ

ወጣት ነው፣ ቴሌብሩንም ቴሌግራሙንም የሚያሾር ልጅ። ሰርዝን አልነካም። «ሰርዝ ካልኩት ይጠፋላ» አለ። ሦስት ተደራራቢ መስመር ያላትን ምልክት ነክቶ የጠቅላላ ዱቤውን ድምር ያገኘው እስካሁን እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ መስመሮቹን ጌጥ መስለዋቸዋል። በእሱ ብቻ ብፈርድ ኖሮ ሥራው አልቋል ብዬ እቤቴ እገባ ነበር።

እሱን ያሰናከለው ቀኑ ነው። ዱቤ ሲመዘገብ አፑ «የሚከፈልበት ቀን» ብሎ ካላንደር ይከፍታል። ከስልኩ ጋር ዝግጁ ሆኖ የመጣውን ነው የወሰድኩት። «ጁን» ይላል። ልጁ በጣቱ መቁጠር ጀመረ፣ ከዚያ ተወው። የሐበሻውን እተካለሁ ብዬ ጻፍኩ። ከባድ አይደለም፣ 12ቱ ወር ሠላሳ ሠላሳ ነው፣ ጳጉሜ ናት ራስ የምታዞረው፣ 5 ወይ 6 ቀን።

ቀጥሎ ግን እንዲህ አልኩት፦ «እሺ ስልኩን ተወው፣ ይህች ሴትዮ መቼ ነው የምትከፍልህ?»

«ለአረፋ።»

«ባጃጁስ?»

«እሱማ ሲያገኝ።»

«አስተማሪውስ?»

«ደመወዝ ሲወጣ ነዋ።»

አንድም ቁጥር አልጠራም። ካላንደሩ የማንም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ዱቤ በቀን አይከፈልም። ካላንደሩን ሙሉ በሙሉ አወጣሁት። በምትኩ ሦስት ቁልፍ፦ «ደመወዝ ሲወጣ»፣ «ለበዓል»፣ «ሲያገኝ»። ሦስተኛው ላይ ልጁ በጣም ሳቀ፣ ግን ከሁሉም በላይ የሚነካው እሱን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ። አራተኛ ሱቅ፣ አዲስ ከተማ

በአጭሩ። ሴትየዋ ዘይት እየቀዳች ነበር። እጇን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ ስልኩን ያዘች፣ ጣቷ ይንሸራተታል። ያለ ሐሳቧ ሁለቴ ሌላ ቁልፍ ነካች። ቁልፎቼን በማስመሪያ ለካኋቸው፣ 6 ሚሊ ሜትር። የጎግል የአንድሮይድ መመሪያ ቢያንስ 48 ዲፒ ይላል፣ ስክሪን ላይ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የሚነካ ነገር ባነሰና በራቀ ቁጥር ጣት እንደሚዘገይ ፖል ፊትስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. አስልቶ አስቀምጦታል። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ እንዲያምር ብዬ ነው ያሳነስኩት።

ሰርዝን ነካች። ሦስት ከአራት።

መጨረሻ ላይ መጠይቅ ሞከርኩ። ጆን ብሩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ነው፣ አሥር ዓረፍተ ነገር አለው፣ እያንዳንዱን ከ1 እስከ 5 ትሰጠዋለህ። አንዱ ያሞግሳል፣ ቀጣዩ ይነቅፋል፣ እንዲህ እየተፈራረቀ። ውጤቱ ከ100 ነው፣ 68 አካባቢ መካከለኛ ይባላል። ሴትየዋ «ለመጠቀም ቀላል ነው» ለሚለው 5 ሰጠች። «ያለ ምክንያት የተወሳሰበ ነው» ለሚለውም 5። ለአሥሩም 5። ደስ እንዲለኝ ነው። ሁሉም 5 ሲሆን ስሌቱ ልክ 50 ይመጣል፣ ቸርነቷ አፑን ከመካከለኛ በታች ጣለው። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፣ ከእንግዲህ ጣት ነው የማየው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ። አምስተኛ ሱቅ፣ ለገሃሬ

ባልና ሚስት ናቸው፣ ጠዋት እሷ፣ ማታ እሱ። ጥሩ አጋጣሚ ነው ብዬ ስልኩን ጠዋት ሰጥቻት ማታ ተመለስኩ። ሱቁ ውስጥ ጭቅጭቅ አለ። ሀሰን የሚባል ደንበኛ ጠዋት 340 ብር ወስዷል፣ ማታ 125 ጨምሯል። ባልየው ስሙን ፈለገ፣ የለም። አዲስ ደንበኛ አድርጎ መዘገበው። አሁን ሁለት ሰው አለ። ሚስት «ሀሰን» ብላ ጻፈች፣ ባል «ሐሰን»።

«እኔ ነኝ ልክ» አለ ባልየው። ቄስ ትምህርት ቤት የተማረ መሆን አለበት።

ልክስ ይሁን፣ ዱቤው ግን ለሁለት ተከፈለ። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው፣ ፊደልን በቁጥር ለሚያስቀምጠው ስልክ የተለያየ ቁጥር ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። በዚያ ላይ ሀና ሃም በአፍ አይለዩም። ፀሐይ የሚለውን ስም ብቻ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው 12 ዓይነት አጻጻፍ ወጣለት፣ ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው። ስለዚህ አፑ የተጻፈውን እንዳለ ያስቀምጣል፣ ሲፈልግ ግን ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ይቆጥራል። ሥራው ራሱ ሃያ መስመር ኮድ አይሞላም። ባልና ሚስቱ ባይኮራረፉ ግን በራሴ አላስበውም ነበር፣ እኔ ሁልጊዜ የምጽፈው በአንዱ ሀ ነው።

ከአምስቱ ሦስቱ ሰርዝን ነክተዋል። ሚስትየዋ ልትነካው ስትል ባልየው እጇን ይዞ አስቀራት።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ሦስት ሌሊት ጥገና። ቁልፎች 10 ሚሊ ሜትር ሆኑ። ጠቅላላ ድምሩ ከሦስቱ መስመሮች ወጥቶ መጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ተቀመጠ። ቅጂው ማታ 5 ሰዓት በራሱ ይቀመጣል።

ሰርዝ የሚለው ቃል ከአፑ ጠፋ። አንድ ዱቤ ተከፍሎ ሲያልቅ ልክ እንደ ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር መስመር ይሰመርበታል፣ ጽሑፉ ከሥር ይነበባል። በስህተት ለገባ ሒሳብ ደግሞ «ተሳስቼ ነው» የምትል ትንሽ ቁልፍ ከውስጥ አለች፣ እሷም የምታጠፋ ሳትሆን ወደ ጎን የምታስቀምጥ ናት።

የአንቱታው ነገር መፍትሔ ያገኘው ፋርማሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ ነው። ስልኩ ባለሱቁን ለምን ያናግረዋል? ባለሱቁ ራሱ ይናገር! «ሰጠሁ»። «ተቀበልኩ»። «ተሳስቼ ነው»። በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም። ሽማግሌው ቢነካው፣ የሳቢያኗ ብትነካው ያው «ሰጠሁ» ነው። አንተም አንቺም እርስዎም በአንዴ ተገላገልኩ። ወረፋው ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ ስል አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ። እንደገና ሳቢያን

ያቺው ሴት፣ ያው ሥራ። 340 ብር ለመመዝገብ 14 ሰከንድ። አሁንም ደብተሩ ይበልጠዋል፣ ግን አላፈርኩም። ሥራ ሦስት ላይ «ተቀበልኩ» ብላ 140 ጻፈች፣ መስመሩ ተሰመረ። አየችው። በጣቷ መስመሩን ተከትላ ሄደች፣ ከግራ ወደ ቀኝ።

«ሰረዘው» አለች።

እኔ ቃሉን ከአፑ ውስጥ በሙሉ ለቅሜ አውጥቼ፣ እሷ መልሳ አስገባችው። አልተከራከርኩም።

አዲስ ችግርም ተገኝቷል፦ «ቀዩ ባጃጅ» የሚለውን ለመጻፍ የአማርኛ ፊደሉ መሰላቸት ነው። «ድምፄን አይቀዳም?» ብላ ጠየቀች። ይቀዳል። ለደንበኛ ስም የአምስት ሰከንድ ድምፅና ፎቶ ብጨምር ኦሮምኛና ሶማልኛ ለሚናገሩትም መንገድ ይከፍታል። ለሰኔ ያዝኩት።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ነገ አረፋ ነው። ሆን ብዬ ግርግር መርጬ ሄድኩ፣ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሳቢያን ሱቁ ጥግ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ስኳር፣ ዘይት፣ ቴምር፣ ሩዝ። አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ «ያዥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ነበር። ባለሱቋ አንዴም አልነካችውም። እስክሪብቶዋን በክሩ እየሳበች ደብተሩ ላይ ሞነጨረች።

ቆሽቴ አረረ፣ አልዋሽም። ሰው ቀለል ሲል ጠየቅኳት።

«አሁን ስልኩን ባየው ሰው ስኳር ይዞብኝ ይሄዳላ። ዓይኔ እጃቸው ላይ ነው» አለች። «እሱን ማታ ነው የምሞላው። ልጆቹ ሲተኙ ደብተሩን አይና እገለብጣለሁ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ድምሩን ስለሚነግረኝ ደስ ይለኛል።»

ለአንድ ወር ያህል ስለካ የነበረው ባንኮኒ ላይ ቆማ፣ ደንበኛ ፊቷ እያለ፣ በሰከንድ ነው። እሷ የምትጠቀምበት ግን ቤቷ፣ አልጋ ላይ፣ ሃያ ሠላሳ ሒሳብ ባንድ ጊዜ እየገለበጠች ነው። ለዚያ ደግሞ አፑ አይመችም፣ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ለመሄድ በየጊዜው ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመልሳታል። ጽሑፉም ለፀሐይ ብዬ ያጠቆርኩት በነጭ ላይ ነው፣ ጨለማ ውስጥ ዓይን ይወጋል። በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ የምታበራው በዚያው ስልክ ነው፣ ደብተሩን ለማየት ባትሪውን፣ ለመጻፍ ስክሪኑን።

ይሄን ማየት አለብኝ። እሁድ፣ ሰኔ 1፣ ማታ 3 ሰዓት ከባሏ ጋር ቤታቸው ጠርተውኛል። «ከአረፋው ሥጋ የተረፈ ይኖራል» ብላለች። መብራት ቢጠፋ ይሻለኛል አልኳት፤ ሟርተኛ አለችኝ።